የቱል ስቲል ናሙና በአሲድ ሲነካ የሚያጋጥም ችግርና መፍትሄ

የቱል ስቲል (የመሣሪያ መሥሪያ ብረት) ውስጣዊ አሠራር በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ፖሊሽ የተደረገው ናሙና በአሲድ ይነካል፤ ይህ ኤቺንግ ይባላል። መነሻው 2 ፐርሰንት ናይታል የተባለው ቅልቅል ነው፦ 98 ሚሊ ሊትር ኢታኖል፣ 2 ሚሊ ሊትር ኮንሰንትሬትድ ኒትሪክ አሲድ። አሲዱ በቀስታ ወደ አልኮሉ ይጨመራል፤ ተገላቢጦሹ ፈጽሞ አይደረግም። ከ5 ፐርሰንት በላይ የሆነ ቅልቅል ከድኖ ማስቀመጥ ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ይችላል። ጓንት፣ መነጽርና ጭስ የሚስብ ሁድ የግድ ናቸው።

አሲዱን ከመውቀስ በፊት ናሙናውን ሳይነኩ በማይክሮስኮፕ ይዩት። ጭረቱም፣ ጉድጓዱም፣ የተነቀለው ካርባይድም (በብረቱ ውስጥ ያለ ጠንካራ ቅንጣት) ያኔ ካለ፣ ኤቺንግ ያጎላዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጭራሽ አይደበዝዝም

በትክክል የተነካ ገጽ ትንፋሽ ያረፈበት መስታወት ይመስላል። ቴምፐር የተደረገ (ከጠነከረ በኋላ እንደገና በመጠኑ የሞቀ) ኦ1 የተባለ ቱል ስቲል ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ይበቃዋል። ካልደበዘዘ መጀመሪያ የጣት ቅባትን ይጠርጥሩ፤ በሳሙና ያጥቡ፣ በአልኮል ያለቅልቁ፣ ከዚያ በኋላ በጣት አይንኩት። ዲ2 የተባለው ቱል ስቲል ከሆነ ግን ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም። 12 ፐርሰንት ገደማ ክሮሚየም ስላለው ናይታል በቀላሉ አይበላውም። ለእሱ ቪሌላ የተባለው ቅልቅል ይሻላል፦ 1 ግራም ፒክሪክ አሲድ፣ 5 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 100 ሚሊ ሊትር ኢታኖል። የደረቀ ፒክሪክ አሲድ ፈንጂ ነው። ክዳኑ ዙሪያ ደርቆ የታየ ጠርሙስ አይከፈትም።

ቴምፐር ያልተደረገው ናሙና ቶሎ ጠቆረ

ግሎ በዘይት የቀዘቀዘ፣ ቴምፐር ያልተደረገ ማርቴንሳይት (ብረቱ በድንገት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ጠንካራ አሠራር) ቀስ ብሎና ፈዘዝ ብሎ ነው የሚወጣው። በሰከንዶች ውስጥ ከጠቆረ፣ በትኩስ ፕሬስ በባክላይት (የፕላስቲክ ዓይነት) ተከቦ እንደሆነ ያጣሩ። ፕሬሱ ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚደርስ ናሙናውን ሳያውቁት ቴምፐር አድርገውታል። ያ ናሙና ቴምፐር ያልተደረገውን ብረት ለማየት ከእንግዲህ አያገለግልም፤ ሌላ ቆርጠው ቀስ ብሎ በሚደርቅ ኢፖክሲ ይክበቡት።

ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ

እዚህ ላይ ነው ብዙ የተሳሳተ ሪፖርት የሚጻፈው። ነጠብጣቡ በተቆረጠው ገጽ ላይ ያለ ሥርዓት ከተበተነ፣ መቁረጫው ዲስክ አቃጥሎታል። ነጩ እንደገና የጠነከረ፣ በዙሪያው ያለው ጥቁር ደግሞ ከልክ በላይ ቴምፐር የሆነ ክፍል ነው። ከ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምረው ብዙ ውሃ እያፈሰሱ ይሞርዱት። ነጩ መስመር የዕቃውን የራሱን ውጫዊ ጠርዝ ተከትሎ ከሄደ ግን አያጥፉት። በኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ከተቀረጸ ሞልድ ወይም በመሞረጃ ከተቃጠለ ፓንች የመጣ እውነተኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ጭረት ከአሲዱ በኋላ ብቅ አለ

ፖሊሹ ጭረቱን ሸፈነው እንጂ ከሥሩ ያለውን የተጨፈለቀ ንብርብር አላወጣውም። ወደ 9 ማይክሮን ዳይመንድ ይመለሱ፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 1። በመጨረሻው ደረጃ በስሱ ነክቶ እንደገና ፖሊሽ ማድረግን ሁለት ሦስቴ ቢያፈራርቁት ንብርብሩ ይለቃል።

ከመጠን በላይ ጠቆረ

በ1 ማይክሮን ፖሊሽ አድርገው ሰዓቱን በግማሽ ይቀንሱ። በጠቆረው ላይ ደግሞ አሲድ መጨመር ትርፍ የለውም።

ቡናማ እድፍ ከጠርዙ ይፈሳል

ናሙናውን በከበበው ሬዚን (ባክላይት ወይም ኢፖክሲ) እና በብረቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ የተደበቀ አሲድና ውሃ ሲደርቅ ይወጣል። ከውሃ እጥበት በኋላ በኢታኖል ያጥለቅልቁ፤ አልትራሶኒክ ካለ ጥቂት ደቂቃ በአልኮል ያቆዩት። ከዚያ ናሙናውን አዘንብለው ፎኑን ከጎን ይንፉበት። እድፉ ከተመላለሰ ሬዚኑ ሲደርቅ ብዙ የሚኮማተር ዓይነት ነው፤ ይቀይሩት።