ያረጀ ኤሌክትሪክ ጊታር ስትገዙ ምን ትፈትሻላችሁ?

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እዚህ ዳር ላይ ያገለገለ ጊታር የሚገኘው በቴሌግራም ወይም በሰው በሰው ነው። አጠገባችሁ ቆሞ የሚመክር ባለሙያ የለም። ስለዚህ ራሳችሁ መፈተሽ አለባችሁ። ለመጫወት ከሆነ ከባድ አይደለም።

ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ መብራት መኖሩን ጠይቁ። ያለ አምፕሊፋየር የተሞከረ ኤሌክትሪክ ጊታር ግማሹ አልታየም። የራሳችሁን ኬብል ያዙ፤ ስልካችሁ ላይም የመቃኛ አፕ ጫኑ።

ስትደርሱ ቀለሙን እርሱት። የተላጠ ቫርኒሽ፣ የተጫጫረ ጀርባ፣ ክንድ ያሳሳው ጠርዝ፣ እነዚህ መጫወቱን አይከለክሉም። እንዲያውም እኔ ደስ ይለኛል። የማይረባ ጊታር ማንም ያን ያህል አይጫወትበትም።

መጀመሪያ ወደ አንገቱ ሂዱ። አናጢ ጣውላ ቀጥ ማለቱን በአንድ ዓይኑ እንደሚያየው፣ ከጊታሩ ራስ፣ መቃኛ ቁልፎቹ ካሉበት ጫፍ፣ በኩል ወደ ታች ተመልከቱ። ከዚያ ወፍራሙን ክር የመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይና አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ፍሬት ላይ አንድ ላይ ተጫኑ። ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ሁለት ሦስት ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ጥሩ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ አንገቱ ጎብጧል። ይህ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለውን ብረት፣ ትረስ ሮዱን፣ በማጥበቅ ይስተካከላል። ሻጩ ፊታችሁ ሩብ ዙር ያዙረው። ብሎኑ ከደረቀ ግን አታስገድዱት። አንገቱ እንደተጨመቀ ጨርቅ ከተጣመመ ደግሞ ዋጋው ምንም ቢረክስ ተዉት። እኔ አንዴ ቀለሙ አብረቅርቆብኝ እንዲህ ያለውን ገዝቻለሁ። ስድስት ወር ታገልኩት፤ አልተቃናም።

ቀጥሎ ፍሬቶቹ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ላይ ክሩ የቦረቦረው ጎድጓዳ ካለ ጥልቀቱን በጥፍራችሁ ዳስሱ። ከዚያ በእያንዳንዱ ክር ላይ ሁሉንም ፍሬት አንድ በአንድ ተጫወቱ። አትቸኩሉ። የሚንጫጫ ወይም የሚታፈን ድምፅ የት እንዳለ ያዙ። ክሩንም ተጭናችሁ ወደ ጎን ጎትቱት። የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት ሰላም ስዩምን እየሰማን ላደግን ሰዎች ክር ሲጎተት የሚታፈን ጊታር አይሆንም። ፍሬት ማስቀየር እዚህ ሰውም ዕቃውም ይቸግራል፤ ስለዚህ ዋጋ ስትከራከሩ ዋናው ነጥባችሁ ይህ ይሁን።

አስራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ ምቱ፤ ከዚያ ተጭናችሁ ምቱ። መቃኛው ሁለቱን አንድ ካላለ ብሪጁ፣ አካሉ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት፣ ላይ ያለው የክሩ መቀመጫ ወደፊት ወይም ወደኋላ ይገፋል። ብሎኖቹ ዝገው እንዳልተጣበቁ ብቻ እዩ።

ኤሌክትሪኩ ብዙ አያስፈራም። ሲዞር የሚንኮሻኮሽ የድምፅ መቆጣጠሪያ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ ይበቃዋል። የላላ ጃክ፣ ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ፣ ሰፈራችሁ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ይበይደዋል። ፒክአፖቹን፣ ከክሮቹ ሥር ሆነው ድምፁን የሚቀበሉትን ማግኔቶች፣ ግን አንድ በአንድ ሞክሩ። ክሩን ስትነኩ ጉምጉምታው ከቀነሰ የግራውንድ ሽቦው ደህና ነው። ክሩ ከነዘራችሁ ግን ወዲያው ልቀቁት፤ አምፕሊፋየሩንም ንቀሉ።

አምፕሊፋየር አብሮ ከተሸጠ ጀርባውን አንብቡ። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ለአሜሪካ የተሠራው 120፣ ለጃፓን የተሠራው 100 ቮልት ይፈልጋል። ያለ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት ይቃጠላል።

ስሙ ላይ ብዙ አትጨነቁ። የጊታሩ ራስ ላይ ፌንደር የሚል የታዋቂውን የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ስም መለጠፍ ቀላል ነው። እውነተኛ የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፌንደር ደግሞ ዋጋው የሰብሳቢ ነው፣ የተጫዋች አይደለም። አንገቱ ደህና የሆነ አሮጌ የጃፓን ያማሃ ካገኛችሁ እኔ ሳላመነታ እገዛዋለሁ።

ቤት ስታስገቡት አዲስ ክር ግጠሙ። ዕለቱን ብሎን አትንኩ። እንጨት እርጥበት ይስባል፤ በተለይ በክረምት። ሁለት ሦስት ቀን ክፍላችሁን ይልመድ። ከዚያ አንገቱን እንደገና በአንድ ዓይን እዩትና ቃኙት።