ከዘመድ ጋር እየኖሩ ለትዳር ጓደኛ የእንግሊዝ ቪዛ፦ የመኖሪያ ቤት ማስረጃ እንዴት ይዘጋጃል?

«የራሴ ቤት የለኝም፤ ከወንድሜ ጋር ነው የምኖረው። ባለቤቴን ከአዲስ አበባ ማምጣት እችላለሁ?» እንግሊዝ አገር ያሉ ወገኖቻችን ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ነው። መልሱ አዎ፣ ይቻላል ነው። ሕጉ ቤት ግዙ አይልም። በስማችሁ ተከራዩም አይልም። ከእናት ከአባት፣ ከእህት፣ ከአክስት ጋር መኖር ይፈቀዳል። የሚፈለገው ቤቱ ለሁሉም እንደሚበቃ በወረቀት ማሳየት ነው።

ጣጣው ያለው እዚህ ጋ ነው። እኛ ዘንድ ዘመድ ማስጠጋት ደብዳቤ የሚጻፍበት ጉዳይ አይደለም። ፍራሽ ይዘረጋል፣ ልጆች ይጠጋጋሉ፣ አለቀ። ማመልከቻውን የሚመረምረው የሆም ኦፊስ (ቪዛ የሚሰጠው የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት) ሠራተኛ ግን ወንድማችሁን አያውቀውም። ደግነቱንም ሊገምት አይችልም። የሚያየው የላካችሁለትን ወረቀት ብቻ ነው። ብዙ ሰው በገቢ ማስረጃው ወራት ይደክማል። የቤቱን ነገር ግን በመጨረሻዋ ምሽት በሁለት መስመር ደብዳቤ ያልፈዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከሁሉም መስፈርቶች በትንሽ ገንዘብና በትንሽ ድካም የሚሟላው የቤቱ ነው።

መጀመሪያ ደንቡን እወቁ

የትዳር ቪዛ ደንቡ «አፔንዲክስ ኤፍኤም» የሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ቤት የሚለው አጭር ነው። ቤተሰቡ የራሱ የሆነ ወይም ለብቻው የሚይዘው በቂ መኖሪያ ሊኖረው ይገባል፤ ለዚህም ከመንግሥት ተጨማሪ ድጎማ መፈለግ የለበትም። ቤቱ ከተጨናነቀ፣ አዲሱ ሰው ሲገባ የሚጨናነቅ ከሆነ፣ ወይም የጤና ደንብ የሚጥስ ከሆነ በቂ አይባልም።

«ለብቻው የሚይዘው» የሚለው ቃል ብዙዎችን ያስደነግጣል። ሙሉ ቤት ማለት አይደለም። ቢያንስ አንድ መኝታ ቤት ለባልና ሚስቱ ብቻ ይሁን ማለት ነው። ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያ ቤቱንና ሳሎኑን መጋራት ይቻላል። መኝታ ቤቱ ግን የእናንተ ብቻ መሆን አለበት። የወንድማችሁ ልጅ ማታ ማታ ከእናንተ ጋር የሚተኛ ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈለግለት።

ከቤቱ ባለቤቶች ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ

«ባለቤቶች» ያልኩት በምክንያት ነው። ቤቱ በወንድማችሁና በሚስቱ ስም ከሆነ ፈቃዱ የሁለቱም ነው፤ ደብዳቤውም ላይ ሁለቱም ይፈርሙ። የወንድም ሚስትን ሳያማክሩ ወረቀት ማዘጋጀት ለቪዛውም ለቤተሰቡም አይበጅም። አንድ ቤት ውስጥ ለዓመታት አብራችሁ ልትኖሩ ነው።

ሦስት ነገር ቁረጡ። የትኛው ክፍል ይሰጣችኋል? እስከ መቼ? ኪራይ ትከፍላላችሁ ወይስ በነፃ ነው? በነፃ ከሆነ በነፃ ተብሎ ይጻፍ። የምትከፍሉ ከሆነ መጠኑ ይጻፍ፤ ክፍያውም ከባንክ ሒሳባችሁ ሲወጣ ይታይ።

የኪራዩ ነገር ለሁሉም እኩል አይከብድም። ከሚያዝያ 2024 ወዲህ ለአዲስ አመልካቾች የሚጠየቀው ዓመታዊ ገቢ 29,000 ፓውንድ ነው። በዚህ የሚያመለክት ሰው ኪራዩ ከገቢው አይቀነስበትም። ስፖንሰሩ፣ ማለትም እንግሊዝ ሆኖ የትዳር ጓደኛውን የሚያመጣው ሰው፣ የአካል ጉዳት ወይም የአስታማሚ ድጎማ የሚያገኝ ከሆነ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። የቤት ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው ገንዘብ ይበቃል ወይ ተብሎ ይታያል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ኪራይ አንጠይቅም» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ማመልከቻውን ልታድን ትችላለች።

ሜትር ያዙና ክፍሎቹን ለኩ

በእንግሊዝና በዌልስ መጨናነቅ የሚለካው በ1985 የቤቶች ሕግ ነው። ሕጉ ሁለት መለኪያ አለው፤ ቤቱ ሁለቱንም ማለፍ አለበት።

አንደኛው አብሮ ስለመተኛት ነው። ዕድሜያቸው 10 ዓመት የሞላና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ባልና ሚስት ያልሆኑ ወንድና ሴት በአንድ ክፍል ለመተኛት መገደድ የለባቸውም። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እዚህ ላይ አይቆጠሩም።

ሁለተኛው ስለ ቦታ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ደስ የሚል ነገር አለ፤ ሳሎንም እንደ መኝታ ክፍል ይቆጠራል። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይቆጠሩም። በክፍል ብዛት ሲሰላ 1 ክፍል ለ2 ሰው፣ 2 ክፍል ለ3፣ 3 ክፍል ለ5፣ 4 ክፍል ለ7.5 ሰው ይበቃል። 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለእያንዳንዱ ክፍል 2 ሰው ይያዛል። ከ1 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ ግማሽ ሰው ነው። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አይቆጠርም።

ከዚያ ደግሞ በስፋት ይሰላል። ሕጉ የሚናገረው በስኩዌር ፊት ነው፤ ወደ ሜትር ካሬ ሲቀየር በግምት እንዲህ ነው። 10.2 ሜትር ካሬና ከዚያ በላይ የሆነ ክፍል 2 ሰው ይይዛል። ከ8.4 እስከ 10.2 ያለው 1.5 ሰው፣ ከ6.5 እስከ 8.4 ያለው 1 ሰው፣ ከ4.6 እስከ 6.5 ያለው ግማሽ ሰው ይይዛል። ከዚያ ያነሰው ጭራሽ አይቆጠርም። በክፍል ብዛትና በስፋት ከወጡት ሁለት ቁጥሮች የሚያዘው ትንሹ ነው።

በምሳሌ እንየው። አንዲት እህት ሊድስ ከወንድሟ ቤተሰብ ጋር ትኖራለች። ባሏን ከአዲስ አበባ ልታመጣ ነው። ቤቱ ውስጥ ወንድሟ፣ ሚስቱ፣ የ13 ዓመት ሴት ልጃቸውና የ8 ዓመት ወንድ ልጃቸው አሉ። ቤቱ ሦስት መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን አለው።

ሰውን እንቁጠር። ወንድምና ሚስት 2፣ ልጅቷ 1፣ ልጁ ግማሽ፣ እህትና ባሏ 2፤ ድምሩ 5.5 ነው። ክፍሎቹ ከሳሎን ጋር 4 ናቸው፤ በብዛት 7.5 ሰው ይይዛሉ። በስፋት ደግሞ ትልቁ መኝታ ቤት 12.5 ሜትር ካሬ ነው፤ 2 ሰው። ሁለተኛው 10.4፤ 2 ሰው። ትንሹ 6.8፤ 1 ሰው። ሳሎኑ 16፤ 2 ሰው። ድምር 7። ትንሹ ቁጥር 7 ስለሆነ 5.5 ሰው በደንብ ይገባል።

ልጁ 10 ዓመት ሲሞላውስ? ያኔ ሰዉ 6 ይሆናል፤ አሁንም ከ7 አያልፍም። ነገር ግን ከእህቱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሊመደብ አይችልም። ከሁለቱ አንዱ ሳሎን መተኛት ይኖርበታል። ሕጉ ይህን ይቀበላል። እኔ ግን ልጁ 10 ሊሞላው ወራት ከቀሩት ነገሩን ቀድሞ ደብዳቤው ላይ ማስረዳትን እመርጣለሁ። መርማሪው ራሱ አስልቶ ጥያቄ ከሚያነሳ፣ እናንተ አስልታችሁ መልሱን ብትሰጡት ይሻላል።

ቤቱ ውስጥ ዘመድ ያልሆነ ተከራይ ካለም ይቆጠራል። በዚያ ላይ ከተለያየ ቤተሰብ የመጡ 5 እና ከዚያ በላይ ሰዎች የሚኖሩበት የኪራይ ቤት ከካውንስል (ከአካባቢው አስተዳደር) ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል። ሁሉም ዘመድ ከሆነ ሕጉ እንደ አንድ ቤተሰብ ያየዋል፤ ወንድም፣ እህት፣ አክስት፣ አጎት፣ የአጎት ልጅም ጭምር።

ልኬቱን ስትጨርሱ በአንድ ገጽ ላይ የቤቱን ንድፍ በእጃችሁ ሣሉ። በየክፍሉ ስፋቱንና ማን እንደሚተኛበት ጻፉበት። ቆንጆ መሆን የለበትም። መርማሪው በአንድ እይታ የሚገባው ከሆነ በቂ ነው።

ደብዳቤው

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የደብዳቤው ልብ ይህን ይመስላል፦

«እኛ ከላይ በተጻፈው አድራሻ የሚገኘው ቤት ባለቤቶች ነን። ቤቱ ሦስት መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ አንድ ወጥ ቤትና አንድ መታጠቢያ ቤት አለው። በአሁኑ ጊዜ እኛ ሁለታችን፣ የ13 ዓመት ሴት ልጃችን፣ የ8 ዓመት ወንድ ልጃችንና እህቴ እንኖርበታለን። የእህቴ ባል ወደ እንግሊዝ ሲመጣ ከእሷ ጋር በዚህ ቤት እንዲኖር ፈቅደናል። 10.4 ሜትር ካሬ ስፋት ያለው ሁለተኛው መኝታ ቤት ለሁለቱ ብቻ ተሰጥቷል። ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያ ቤቱንና ሳሎኑን አብረውን ይጠቀማሉ። ኪራይ አንጠይቃቸውም። የራሳቸውን ቤት እስኪይዙ ድረስ እዚህ መኖር ይችላሉ።»

ከታች ስም፣ ፊርማ፣ ቀን፣ ስልክ። የነዋሪዎቹ ሙሉ ስምና የትውልድ ቀን ይግባ። የፈራሚዎቹ ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ማረጋገጫ ቅጂ ይያያዝ። «ቤታችን ሰፊ ነው፤ ደስ ብሎን እንቀበላቸዋለን» ብቻ የሚል ደብዳቤ ከልብ ቢሆንም ምንም አያስረዳም።

ከደብዳቤው ጋር የሚሄዱ ወረቀቶች

ቤቱ የራሳቸው ከሆነ የባለቤትነት ማስረጃውን ከላንድ ሬጅስትሪ (የቤትና የመሬት ባለቤትነት ከሚመዘግበው መሥሪያ ቤት) አውጡ። በመንግሥት ድረ ገጽ 7 ፓውንድ ነው። መንግሥታዊ መስለው ብዙ እጥፍ የሚያስከፍሉ ድረ ገጾች ስላሉ ተጠንቀቁ። ሞርጌጅ (የቤት መግዣ የባንክ ብድር) ካለ የቅርቡን መግለጫ ጨምሩ። የካውንስል ታክስ ደረሰኝና የመብራት ወይም የውሃ ቢል አያይዙ። የክፍሎቹን ፎቶም አንሱ፤ በተለይ የእናንተን መኝታ ቤት።

የካውንስል ታክሱን ወረቀት ከመላካችሁ በፊት አንድ በአንድ አንብቡት። ብቻውን ለሚኖር አዋቂ የ25 በመቶ ቅናሽ ይደረጋል፤ ቅናሹም ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይጻፋል። አክስታችሁ ይህን ቅናሽ እየወሰደች እናንተ ደግሞ «ከአክስቴ ጋር ነው የምኖረው» ካላችሁ ሁለቱ ወረቀቶች እርስ በርስ ይጋጫሉ። መጀመሪያ ካውንስሉ ይነገረው፤ ወረቀቱ ይስተካከል፤ ከዚያ ይላክ።

የቤት ምርመራ ሪፖርት ግዴታ አይደለም። ቤቱ ሰፊ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ቁጥሩ ጠርዝ ላይ ከደረሰ፣ ወይም ስለ እርጥበትና ሻጋታ ጥያቄ ይነሳል ብላችሁ ከሰጋችሁ ግን ባለሙያ መጥቶ ለክቶ ቢጽፍላችሁ ጥሩ ነው።

ቤቱ የኪራይ ወይም የካውንስል ከሆነ

ዘመዳችሁ ራሱ ተከራይ ከሆነ የእሱ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። የኪራይ ውሉን አብራችሁ አንብቡ። ውሉ ስንት ሰው እንደሚፈቅድ፣ ማን ማን እንደተጻፈበት ተመልከቱ። ከዚያ አከራዩ ወይም ኤጀንሲው አዲሱ ሰው እንዲገባ መስማማቱን በጽሑፍ ይስጥ። ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ወር ከቀረው ስለማደሱም አንድ መስመር ያስገባ።

የካውንስል ወይም የሀውሲንግ አሶሴሽን (ለትርፍ ሳይሆን ቤት የሚያከራይ ድርጅት) ቤት ከሆነም መንገዱ ያው ነው። ስማችሁ በነዋሪነት መመዝገቡንና ባለቤታችሁ ቢገባ ተቃውሞ እንደሌላቸው የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ። መልሱ ሊዘገይ ስለሚችል ይህን ከሁሉ አስቀድሙ።

አንድ ነገር በቅንነት ልናገር። ዘመዳችሁ ለኪራይ የመንግሥት ድጎማ የምታገኝ ከሆነ፣ ቤቷ ውስጥ የሚኖር ሌላ አዋቂ ድጎማዋን ሊቀንስባት ይችላል። እሷ ይህን አስቀድማ ማወቅ አለባት። ውለታ የዋለችልን ሰው በኋላ ከካውንስል ደብዳቤ ሲደርሳት መደንገጥ የለባትም።

ፎርሙ ላይ ስትሞሉ

በኦንላይን የሚሞላው ማመልከቻ ስለ ቤቱም ይጠይቃል። ስንት መኝታ ቤት አለ? ሌላ ስንት ክፍል አለ? ማን ማን ይኖራል? የማን ነው? እነዚህን ከደብዳቤው እያያችሁ ሙሉ። ደብዳቤው አምስት ነዋሪ ብሎ ፎርሙ አራት ካለ፣ ሕፃኑ ተረስቶ ነው ብሎ የሚገምትላችሁ የለም። የስፖንሰሩ የደመወዝ ወረቀትና የባንክ መግለጫ የያዙት አድራሻም ይታያል። አድራሻው የተለየ ከሆነ ምክንያቱ ይጻፍ። ለምሳሌ ስፖንሰሩ አሁን ማንቸስተር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ሚስቱ ስትመጣ ወደ እህቱ ቤት ሊገባ ይችላል። ይህ ምንም ችግር የለውም፤ ግን በግልጽ ይነገር።

ከአገር ቤት የሚላክ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ካለ ሙሉ ትርጉሙ አብሮ ይሂድ። ትርጉሙ ላይ የተርጓሚው ስም፣ ፊርማ፣ አድራሻና ቀን ይኑር። ትክክለኛ ትርጉም ነው የሚል ማረጋገጫም ይጻፍበት።

ቪዛው ከተሰጠ በኋላ

ደብዳቤው እዚያ ቤት አያስራችሁም። ባለቤታችሁ ከመጣ ወይም ከመጣች በኋላ የራሳችሁን ቤት ብትከራዩ ይቻላል። አዲሱን አድራሻ በኢቪዛ (በኦንላይን የሚገኘው የመኖሪያ ፈቃድ) አካውንቱ ላይ ማስተካከል ብቻ ነው። ከውጭ ሲገባ የሚሰጠው የመጀመሪያው ፈቃድ 33 ወር ነው። ሲታደስ የቤቱ ጥያቄ እንደገና ይመጣል። ያኔ በደረሳችሁበት ቤት ላይ አዲስ ማስረጃ ታዘጋጃላችሁ። እዚያው ዘመድ ቤት ካላችሁም የድሮውን ስሌት እንዳለ አትላኩ። በመሀል የተወለደ ሕፃን አንድ ዓመት ሲያልፈው ግማሽ ሰው ሆኖ ይቆጠራል፤ 10 ዓመት የሞላቸው ልጆችም ሙሉ ሰው ሆነዋል።