ሲዲ ስገለብጥ የሚገባውን «ጠቅ ጠቅ» እንዴት አስወገድኩት

የቆየ ሲዲ ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ አንዱ ዘፈን ላይ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ይገባ ነበር። ነገሩ ከጭረት ነው። ማንበቢያው ያቃተውን ቦታ በግምት ይሞላል፤ ተራ ፕሮግራም ደግሞ ዝም ብሎ ይቀበለዋል።

ሲዲውን በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጠረግኩት። ዙሪያውን እየዞሩ ማሸት አይመከርም። ከዚያ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለውን የሲዲ መገልበጫ ፕሮግራም «ሴኪዩር» በሚለው አሠራሩ አስነሳሁ። ደጋግሞ ስለሚያነብ ቀርፋፋ ነው፤ ቡና አፍልቶ መጠጣት ይቻላል። አሁንም አንድ ቦታ ላይ ተቸከለ። ሌላ የዩኤስቢ ማንበቢያ ተውሼ ስሰካ ግን አለፈው! ጭረት ላይ ሁሉም ማንበቢያ እኩል አይደለም። የሲዲ ቅጂዎችን የሚያነጻጽረው አኩሬትሪፕ የሚባል የኢንተርኔት መረጃ ቋትም ቅጂዬ ከሌሎች ሰዎች ቅጂ ጋር እንደሚገጥም አሳየኝ።

ያስቀመጥኩት ፍላክ በሚባል የድምፅ ፋይል ዓይነት ነው። ከሲዲው 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ ድምፅ ምንም ሳይጥል መጠኑን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለስልክ ኤምፒስሪ ካስፈለገ ከዚያው ይወጣል።