በሁለት የባትሪ ድንጋይ አምፖል ማብራት፦ ኮረንቲ እንዴት እንደሚዞር

ኮረንቲ መመለሻ ካላገኘ አይሄድም። ይህን በዓይን ለማየት ሁለት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ፣ 2.5 ቮልትና 0.3 አምፔር የተጻፈበት የእጅ ባትሪ አምፖል፣ 20 ሴንቲሜትር የሚሆኑ ሦስት ላስቲክ የለበሱ የመዳብ ሽቦዎችና ፕላስተር ያዘጋጁ።

የሽቦዎቹን ጫፍ በሁለቱም በኩል 2 ሴንቲሜትር ያህል ይላጡ። ከተቃጠለ ሞተር የተፈታ ሽቦ ራቁቱን ይመስላል እንጂ ቫርኒሽ ስላለው በምላጭ ካልተፋቀ አያስተላልፍም።

የአንዱ ድንጋይ ጉጥ (+) የሌላውን ጠፍጣፋ ወገን (−) እንዲነካ አሰልፈው በፕላስተር ያጥብቁ፤ 3 ቮልት ሆነ። ጉጥ ለጉጥ ከገጠሙ ግን ይጣፋሉ።

አንደኛውን ሽቦ ከ+ አውጥተው አምፖሉ ሥር ያለችውን ነጥብ ያስነኩ። ሁለተኛውን በአምፖሉ ጎን ቆርቆሮ ላይ ይጠምጥሙ። ሦስተኛውን ከ− ያውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ አንደኛውንም ሁለተኛውንም ሽቦ ቆርቆሮው ላይ ያስራል። ያኔ ጫፎቹ ሲገናኙ ኮረንቲው በአምፖሉ ውስጥ ያለውን ቀጭን ክር ትቶ በአቋራጭ ይዞራል፤ አምፖሉ አይበራም፣ ሽቦውና ድንጋዩ ይግላሉ። ቶሎ ይንቀሉት።

አሁን የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ነጻ ጫፎች ያገናኙ። በራ!

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ያለውን የውሃ በር ያስቡ። በሩ ሲዘጋ ፍሰቱ ይቆማል፣ የሐይቁ ከፍታ ግን እዚያው ነው። ቮልት እንደ ከፍታው፣ አምፔር እንደ ፍሰቱ ነው። ምሳሌው የሚሰናከለው ዓባይ ወደ ሱዳን ወርዶ ስለሚቀር ነው፤ ኮረንቲ ወደ ድንጋዩ መመለስ አለበት። አምፖሉም ኮረንቲውን አይበላም፦ 0.3 አምፔር ከገባ 0.3 አምፔር ይወጣል፤ አምፖሉ ላይ የሚቀረው ጉልበቱ ነው። ለዚህም ነው ሽቦውን ከአምፖሉ በፊትም ሆነ በኋላ ቢያላቅቁት እኩል የሚጠፋው። (መጽሐፍ ላይ የኮረንቲው ቀስት ከ+ ወደ − ነው፤ በሽቦው ውስጥ ኮረንቲውን የሚሸከሙት ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ኤሌክትሮኖቹ፣ ግን በተቃራኒው ይሄዳሉ።)

በነጻ ጫፎቹ መካከል የተለያየ ነገር እያስገቡ ይሞክሩ። ሳንቲም ያበራል። የእርሳስ ጥቁሩ ያደክመዋል። የደረቀ ደንገል ምንም አያስተላልፍም። ከጣና በብርጭቆ የተቀዳ ውሃም አምፖሉን አያበራውም፤ ይህ ግን እንዳያታልልዎ። ውሃው ጥቂት ያስተላልፋል፤ በ3 ቮልት የሚያልፈው አምፖል ለማብራት አይበቃም፣ በቤት 220 ቮልት ግን ሰው ይገድላል። በእርጥብ እጅ ሶኬት አይንኩ።