የፍሬን ዘይት ሲጎድል የሚሠሩ ስህተቶች

እየጨመሩ መንዳት። ከሁሉ የባሰው ይሄ ነው። የፍሬን ዘይት በሥራ ብዛት አያልቅም፤ ዝግ መስመር ውስጥ ነው ያለው። ከጎደለ ወይ ሸራው (እየታሸ ጎማውን የሚያቆመው ክፍል) ሳስቷል፣ ወይ የሆነ ቦታ ይፈሳል። ሸራ ሲሳሳ የሚገፋው ፒስተን ወደ ውጭ ስለሚወጣ ከኋላው ያለውን ቦታ ዘይት ይሞላዋል፤ ይህ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ የሚታይ ጉድለት ነው። ሸራው ባለቀበት የዘይቱን ዕቃ ከሞሉት፣ አዲስ ሸራ ሲገባ ፒስተኑ ወደ ውስጥ ይገፋና ዘይቱ በክዳኑ ገንፍሎ የመኪናውን ቀለም ይልጣል። (ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ።) በሳምንትና በሁለት ሳምንት ከላይኛው ምልክት ወደ ታችኛው ከወረደ ግን ፍሳሽ ነው። ጨምሮ መንዳት የለም፤ መኪናው ይቁም።

«መሬቱ ደረቅ ነው፣ አይፈስም» ብሎ መተው። ብዙው ፍሳሽ መሬት አይደርስም። ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን የፍሬን ከበሮ) አውልቁና ውስጡ ያለውን ሲሊንደር የአቧራ ጎሚኒ (የጎማ መሸፈኛ) በቀጭን ካቻቪቴ ገለጥ አድርጉት፤ ዘይት ከተንጠባጠበ ሲሊንደሩ አብቅቶለታል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚንም በሳሙናም አይድንም፤ የግራውም የቀኙም አብሮ ይቀየራል። ጎማዎቹ ሁሉ ደረቅ ከሆኑ ማስተሩን (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን ዋና ሲሊንደር) ጠርጥሩ። ከሰርቮው (የእግርን ኃይል ከሚያግዘው ክፍል) ጋር የያዙትን ብሎኖች ፈትታችሁ ቧንቧዎቹን ሳታጣምሙ ትንሽ ሳብ አድርጉት። ጀርባው ከረጠበ የኋላ ጎሚኒው ሄዷል፤ ዘይቱ ሰርቮው ውስጥ ይጠራቀማል፣ አንዳንዴም ሞተሩ ስቦት ነጭ ጭስ ይሆናል። ፍሪሲዮኑ (ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው) ከፍሬኑ ዘይት በሚጋራ መኪና ደግሞ የፍሪሲዮን ፔዳል ሥር ያለውን ምንጣፍ ዳስሱ።

የሞተር ወይም የመሪ ዘይት መጨመር። ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ማጠብ ብቻ አይበቃም፣ ዘይቱ የነካው ጎማ ነክ ዕቃ በሙሉ ይቀየራል። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዶት (የፍሬን ዘይት ደረጃ) አንብቡ። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከ3፣ ከ4ም ሆነ ከ5.1 ጋር አይደባለቅም።

ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። የዶት 4 ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ አዲስ ሲሆን 230 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ሲገባው 155 ነው።

የመዳብ ሮንዴላን (የፍሬን ቱቦ መገጣጠሚያ ላይ ያለውን ቀለበት) መልሶ መግጠም። አዲስ ግጠሙ። ስላንጠባጠበ ብቻ ብሎኑን ማጥበቅ ክሩን ይበላዋል።

አየር ሲወጣ መቸኮል። የማስወጫው ብሎን ሳይዘጋ ፔዳሉ ከተለቀቀ አየር ተመልሶ ይገባል። ዕቃው መሃል ላይ ባዶ ከሆነ ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ክፍል) አየር ሊይዝ ይችላል፤ ያን ለማስወጣት በብዙ መኪና የምርመራ ማሽን ያስፈልጋል። በአሮጌ ማስተር ላይ ፔዳሉን እስከ ወለል አትርገጡ፤ ጎሚኒው ተመላልሶበት የማያውቀው ዝገት ጋ ደርሶ ይቀደዳል። ፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ማስገባት ይበቃል።

ሲጨርሱ ሳይፈትሹ መውጣት። ሞተሩን አስነሱና ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ አጥብቃችሁ ያዙት። ቀስ እያለ ከወረደ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ዳብሱ። የትም ካልረጠበ ማስተሩ ውስጥ ለውስጥ እያሳለፈ ነው፤ እንዲህ ያለው ማስተር ዕቃው ሞልቶ እያለም ፍሬን ያሳጣል።