ፎቶ በኢሬዘር መፋቅ ይቅር፣ ማስክ እንጠቀም

እዚህ ሀዋሳ ባነርና ፖስተር የሚሰሩ ልጆች ባክግራውንድ ለማጥፋት ኢሬዘር ይዘው ሲፍቁ አያለሁ፣ እባካችሁ ተዉት! በኢሬዘር የፋቃችሁት ፋይሉን ሴቭ አድርጋችሁ ከዘጋችሁት በቃ አይመለስም፣ ደንበኛዋ ነገ መጥታ «የነጠላዬ ጥለት ተቆርጧል» ካለች እንደ አዲስ ልትጀምሩ ነው። ማስክ ግን ፎቶው ላይ የሚደረብ መሸፈኛ ስለሆነ ይደብቃል እንጂ አያጠፋም።

ፎቶሾፕ ላይ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የተነሳ የአባ ኮዳ (የትልቁ ወፍ) ፎቶ አላችሁ እንበል። መጀመሪያ በኩዊክ ሴሌክሽን (መምረጫው ብራሽ) ወፉን ምረጡና ሌየሮቹ (የፎቶው ንብርብሮች) የሚታዩበት ፓነል ግርጌ ያለችውን መሃሏ ክብ ያለባትን ሳጥን ንኩ፣ ወፉ ብቻ ይቀራል። ከዛ በብራሽ ማስተካከል ነው፦ ጥቁር ይደብቃል፣ ነጭ ይመልሳል፣ ግራጫ በከፊል ያሳያል፣ ኤክስን ስትጫኑ ጥቁርና ነጩ ይቀያየራል። ከመቀባታችሁ በፊት ግን ፎቶውን ሳይሆን ጎኑ ያለውን የማስክ ሳጥን መንካታችሁን እዩ፣ አለበለዚያ ወፉ ላይ ጥቁር ቀለም ነው የምትቀቡት።

ዋናው ስራ ጠርዙ ላይ ነው። የአባ ኮዳ እግር ቀጭንና ቀጥ ያለ ስለሆነ ጠንካራ ጠርዝ ያለው ትንሽ ብራሽ ያዙ፣ የእግሩ ጫፍ ላይ አንዴ ክሊክ፣ ከዛ ሺፍት ይዛችሁ ሌላኛው ጫፍ ላይ ክሊክ፣ ቀጥ ያለ መስመር ይሰራላችኋል። አንገቱ ላይ ያለው ስስ ጸጉር ግን በዚህ ብራሽ ከተነካ በመቀስ የተቆረጠ ነው የሚመስለው፣ ለስላሳ ብራሽ ይሻላል። ስትጨርሱ አልት ይዛችሁ የማስክ ሳጥኑን ንኩ፣ ማስኩ ብቻውን በጥቁርና ነጭ ይመጣል፣ የረሳችሁት ነጠብጣብ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ሀዋሳ» የሚለው ጽሁፍ ውስጥ የሐይቁን ፎቶ መክተት ከፈለጋችሁ ደግሞ ክሊፒንግ ማስክ ነው። ጽሁፉ ከታች፣ ፎቶው ከላይ፣ አልት ይዛችሁ በሁለቱ ሌየሮች መሃል ክሊክ፣ አለቀ። ከዛ ፎቶውን እያንቀሳቀሳችሁ ጀልባዋን «ዋ» ላይ አሳርፏት። ፎንቱ ወፍራም ይሁን፣ በቀጭን ፊደል ፎቶው ምን እንደሆነ አይለይም። ኢሉስትሬተር የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፣ ጽሁፉ ከላይ ሆኖ ሁለቱንም መርጣችሁ ኮንትሮልና 7።

ለህትመት ጄፔግ ብትልኩም ፒኤስዲውን (የፎቶሾፑን ዋና ፋይል) አስቀምጡት፣ ጄፔግ ሌየሮቹን ሁሉ አንድ ስለሚያደርጋቸው ማስኩም አብሮ ይጠፋል።