ካዲ ይዛችሁ ጎልፍ ስትጫወቱ

ካዲ፣ ማለትም ጎልፍ ስትጫወቱ የዱላ ቦርሳችሁን ይዞ የሚያግዛችሁ ሰው፣ ቦርሳ ተሸካሚ ብቻ ከመሰላችሁ ገንዘባችሁን በከንቱ ነው የከፈላችሁት። በግል ውድድር፣ ጨዋታው መሃል ላይ ምክር መጠየቅ የምትችሉት እሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ጠይቁት!

መጀመሪያ እውነቱን ንገሩት። በ7 ቁጥር ዱላ ኳሷ 120 ሜትር የምትሄድላችሁ ከሆነ 120 በሉ፤ ጉራ ነፍታችሁ 150 ካላችሁ እሱ በዚያው ልክ ይመክራችኋል፣ ኳሷም ግሪኑ (ቀዳዳው ያለበት አጭር ሣር) ሳትደርስ አሸዋ ውስጥ ትቀበራለች።

ግሪን ላይ ሜዳው ወዴት እንደሚያዘነብል እሱ ይንገራችሁ። በየቀኑ የሚያየው ነዋ። ለመምታት ከቆማችሁ በኋላ ግን ከኳሷ ጀርባ ቆሞ አቅጣጫ አያስተካክልላችሁ፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው፣ ቅጣትም አለው።

ልጅ ቢመደብላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩ። ጎልፈኛው ፍራንሲስ ዊሜት በ1913 እ.ኤ.አ. ትልቁን የጎልፍ ውድድር የአሜሪካን ኦፕንን ሲያሸንፍ ቦርሳውን የያዘለት የ10 ዓመቱ ኤዲ ሎውሪ ነበር፤ ዊሜት ራሱም በልጅነቱ ካዲ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ኢቫንስ ስኮላርስ የሚባለው ፕሮግራም ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎበዝ ካዲዎችን የዩኒቨርሲቲ ክፍያና ማደሪያ እየቻለ ያስተምራል። ክለብ አባል የሆነ አባት የሌለው ልጅ ጎልፍ ውስጥ የሚገባበት በር ይሄ ነው፣ ካዲውን በሞተር ጋሪ ስንተካው የምንዘጋውም ይሄንኑ ነው።

ለጉርሻ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ያዙ።